በስልክ የተስማማነው ንግድ ፍርድ ቤት ሲደርስ

ዛሬ የጠዋቱን ዋጋ አልለጠፍኩም፣ ማታ ይመጣል። ባለፈው ሳምንት አንድ ተከታታያችን በውስጥ መስመር "አቅራቢው ካደኝ፣ እጄ ላይ ያለው የቴሌግራም ጽሑፍ ብቻ ነው፣ ፍርድ ቤት ይቀበለዋል ወይ?" ብሎ ጠየቀኝ። በሁለት መስመር የሚመለስ ስላልሆነ ለሁላችሁም ልጽፈው ወሰንኩ። እኔ ጠበቃ አይደለሁም፣ ደላላ ነኝ። ግን ይህን ትምህርት በገንዘብ ነው የገዛሁት፣ ያውም በሰው ገንዘብ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። አንድ የማውቀው ነጋዴ 150 ኩንታል ነጭ ጤፍ ፈለገ። አቅራቢ አገናኘሁት። በኩንታል 11,800 ብር ተስማሙ፣ ከፊሉን በድምፅ መልእክት፣ ከፊሉን በጽሑፍ፣ ሦስታችንም ባለንበት ትንሽ ግሩፕ። ገዢው 300,000 ብር ቀብድ በባንክ መተግበሪያ ላከ። መተግበሪያው "ምክንያት" ሲለው "ለሥራ" ብሎ ጻፈ። ሁላችንም እንዲህ ነው የምንጽፈው፣ አይደል? ጤፉ ሳይጫን ዋጋው በኩንታል 900 ብር ገደማ ጨመረ። አቅራቢው ዛሬ ነገ ሲል ቆይቶ በሦስተኛው ሳምንት 300,000 ብሩን መልሶ ላከና "ያበደርከኝን መልሻለሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ" ብሎ ጻፈ።

አስተውሉ። "ያበደርከኝን" ነው ያለው። ለምን እንዲህ እንዳለ በኋላ ነው የገባኝ። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከቁጥር 1883 እስከ 1885 ስለ ቀብድ ተጽፏል። ቀብድ መሰጠቱ ውል መኖሩን ያስረዳል። ተዋዋዮቹ ሌላ ካልተስማሙ በቀር፣ ቀብድ የሰጠው ወገን ውሉን ከተወ ቀብዱን ያጣል፣ የተቀበለው ወገን ከተወ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። ስለዚህ ያ ብር ቀብድ ከሆነ አቅራቢው መመለስ የነበረበት 600,000 ነው። ብድር ከሆነ 300,000 መልሶ ነፃ ነው። የ300,000 ብር ልዩነት ያለው አንዲት ቃል ላይ ነበር።

ታዲያ ግሩፑ ላይ ተጽፏል አይደል? ተጽፎ ነበር። ችግሩ እኔ ነኝ። ስልኬ እየሞላ ሲያስቸግረኝ ግሩፑን በወር አንዴ ራሱን እንዲያጠፋ አድርጌው ነበር። ቴሌግራም ላይ ይህን ስታደርጉ ከእናንተ ስልክ ብቻ አይደለም የሚጠፋው፣ ከሁሉም ነው። ነገሩ ወደ ክስ ሲያመራ ጽሑፉም ድምፁም የለም። የቀረው ገዢው በአጋጣሚ ያነሳው አንድ ስክሪንሾት ነው። እሱም ላይ ስሙ "ጤፍ ጎጃም" ይላል፣ ምክንያቱም ገዢው ስልኩ ላይ እንዲህ ብሎ ነው የመዘገበው። ቁጥሩ አይታይም። ቁጥሩን ስናጣራ ደግሞ ሲም ካርዱ በአቅራቢው ሳይሆን በዘመዱ ስም የወጣ ነው። ጠበቃው አይቶ "ከሽማግሌ ጋር ብትጨርሱት ይሻላል" አለ። ሽማግሌ ተቀመጠ፣ ገዢው 60,000 ብር አገኘ፣ እኔ የድለላዬን አላገኘሁም፣ ደንበኛዬንም ለወራት አላገኘሁትም።

እንግዲህ ወደ ጥያቄው ልምጣ። ፍርድ ቤት የኤሌክትሮኒክ ማስረጃ ይቀበላል። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 አንድ መረጃ በኤሌክትሮኒክ መልክ በመሆኑ ብቻ ሕጋዊ ውጤት እንደማይነፈግ ይደነግጋል። ሕግ "በጽሑፍ ይሁን" ባለበት ቦታም በኋላ ተከፍቶ ሊነበብ የሚችል መልእክት የጽሑፍን ቦታ ሊይዝ ይችላል። ስለዚህ "ወረቀት ካልሆነ ዋጋ የለውም" የሚለው የድሮ ወሬ ነው። ደግሞም የእህልና የቡና ሽያጭ እንደ ቤት ሽያጭ በጽሑፍ ካልሆነ አይጸናም የሚባል ነገር የለበትም። በቃልም ይጸናል። ችግራችን ውሉ መጽናቱ ላይ ሳይሆን መኖሩን ማስረዳቱ ላይ ነው።

መቀበልና ማመን ግን ይለያያሉ። ዳኛው ወረቀቱን ተቀብሎ መዝገቡ ውስጥ ያስገባዋል፣ ከዚያ ስንት ይመዝናል የሚለው ሌላ ጉዳይ ነው። መልእክቱ እንዴት ተዘጋጀ፣ እንዴት ተላከ፣ እንዴት ተቀመጠ፣ ሳይነካካ ስለመቆየቱ ምን ማረጋገጫ አለ፣ ላኪው ማን እንደሆነ በምን ታወቀ፣ እነዚህ ይታያሉ። ሚዛን ላይ እንደወጣ ጆንያ አስቡት። ጆንያው ገብቷል፣ ግን እርጥበቱ ስንት ነው? ባዕድ ነገር አለበት? ከእኛ ጥያቄ ብዙም አይለይም።

አሁን ስክሪንሾት። ሁላችንም "ስክሪንሾት አለኝ" ብለን ተዝናንተን እንተኛለን። ስክሪንሾት ከምንም ይሻላል፣ ግን ደካማ ነው። ላዩ ላይ የሚታየው ስም እናንተ ራሳችሁ የመዘገባችሁት ወይም ሰውዬው በፈለገው ሰዓት የሚቀይረው ስም ነው። ከላይና ከታች የነበረው ንግግር ተቆርጧል። የሌላኛው ወገን ጠበቃ መጀመሪያ የሚለው "ይህ ተቀነባብሮ ነው" ነው። ስለዚህ ስክሪንሾት ስታነሱ ቁጥሩ የሚታይበትን የመገለጫ ገጽም አንሱ፣ ቀኑ እንዲታይ አድርጉ፣ ከሁሉም በላይ ግን ዋናውን ንግግር ስልኩ ላይ አታጥፉ። ፍርድ ቤት "ዋናውን አሳይ" ቢል ስልኩን ከፍታችሁ ማሳየት መቻል አለባችሁ።

ከዚያ የሚሻለው ሙሉውን ንግግር አውጥቶ ማስቀመጥ ነው። በኮምፒውተር ላይ የሚሠራው ቴሌግራም አንድን ንግግር ከነፎቶውና ከነድምፁ፣ ከነቀንና ሰዓቱ ወደ ፋይል ያወጣል። ዋትሳፕም ከስልኩ ላይ "ኤክስፖርት" የሚል አለው። እኔ አሁን ትልቅ ውል በተዋዋልኩ ቁጥር፣ ካልሆነም በወሩ መጨረሻ አወጣና በዓመተ ምሕረትና በደንበኛ ስም ፎልደር ውስጥ አስቀምጣለሁ፣ አንድ ቅጂ ኮምፒውተር ላይ፣ አንድ ቅጂ ፍላሽ ላይ። ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ለስንት ጊዜ ላስቀምጥ ለምትሉ፣ ከውል የሚመነጭ ክስ በመርህ ደረጃ የይርጋ ጊዜው 10 ዓመት ነው (የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1845)። ስለዚህ በሁለተኛው ዓመት "አለቀ" ብላችሁ አትጣሉ።

ስለ ቴሌግራም ጠባይ የማታውቁት ካላችሁ ልንገራችሁ። በሁለት ሰው ንግግር ውስጥ አንደኛው ወገን የራሱንም የእናንተንም መልእክት ከሁለቱም ስልክ ማጥፋት ይችላል፣ "ጠፍቷል" የሚል ምልክት እንኳ አይቀርም። የተላከ መልእክትንም እስከ ሁለት ቀን ድረስ ማስተካከል ይቻላል፣ "ተስተካክሏል" የሚል ትንሽ ምልክት ብቻ ነው የሚያሳየው። ማለትም "በ11,800" ያላችሁ ሰው በነጋታው "በ12,800" ሊያደርገው ይችላል። መፍትሔው ቀላል ነው። ዋጋና መጠን ያለበት መልእክት እንደመጣ ወደ ራሳችሁ ማስቀመጫ አስተላልፉት። እሱ የራሱን ቢያጠፋ ወይም ቢቀይር የእናንተ ቅጂ አይነካም። ሚስጥራዊ ንግግር በሚባለው መስመር ግን ንግድ አትነግዱ፣ እሱ ስልኩ ላይ ብቻ ነው የሚኖረው፣ ስልኩ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል፣ ወደ ፋይልም አይወጣም። ዋትሳፕ ላይ ራሱን የሚያጠፋ መልእክት ተከፍቶ እንደሆነም እዩ። እንደ እኔ አትሁኑ።

ፎቶም እንዲሁ። የሚዛን ወረቀት፣ የመኪናው ታርጋ፣ የጆንያው ናሙና ፎቶ አንስታችሁ በተለመደው መንገድ ስትልኩ መተግበሪያው ፎቶውን ያሳንሰዋል፣ መቼ እንደተነሳ የሚናገረውን መረጃም ይጥለዋል። "በፋይል" መልክ ስትልኩት ግን እንደተነሳ ይደርሳል። ዋናው ፎቶ ካነሳው ሰው ስልክ አይጥፋ።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ልፋቱን የሚያቀለው አንድ ልማድ ነው፣ የማረጋገጫ መልእክት። እኛ ደላሎች በድምፅ ነው የምንነግደው። ደግሞ በእኛ ቋንቋ ነው የምንነግደው። "በ118 ያዝልኝ"፣ "መቶ ሃምሳዋን ማክሰኞ"፣ "ያቺን ጣላት"። እኛ ገብቶናል። ዳኛ ግን 118 ማለት 11,800 ብር በኩንታል መሆኑን ከየት ያውቃል? ቡና ላይ ደግሞ አንዱ በኪሎ፣ አንዱ በፈረሱላ፣ አንዱ በኩንታል ያወራል። በላቲን ፊደል የተጻፈውን አማርኛ ተዉት፣ ራሴም ማንበብ ያቅተኛል። ስለዚህ በስልክም በድምፅም ከጨረሳችሁ በኋላ ዕለቱን እንዲህ ብላችሁ በግዕዝ ፊደል ጻፉ፦

"ዛሬ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም. በስልክ እንደተስማማነው፣ 150 ኩንታል ነጭ ጤፍ፣ አንዱ ኩንታል በ12,000 ብር፣ ጠቅላላ 1,800,000 ብር። ርክክቡ ጥር 22 አዲስ አበባ እህል በረንዳ በሚገኘው የገዢ መጋዘን። ትራንስፖርት በሻጭ፣ ማውረጃ በገዢ። ቀብድ 200,000 ብር ዛሬ በባንክ ተልኳል፣ ቀሪው በርክክብ ቀን። ትክክል ከሆነ 'ተስማምቻለሁ' ብለህ ከሙሉ ስምህ ጋር መልስልኝ።"

"ተስማምቻለሁ" ከነስሙ ሲመጣ ያ መልእክት ከአሥር ምስክር ይበልጥብኛል። ሰው ያፍራል፣ "ወንድሜ አታምነኝም እንዴ?" ይላል ትሉኛላችሁ። ይላል። እኔ "አምንሃለሁ፣ ለሒሳብ ሠራተኛዬ ነው" እላለሁ። እስካሁን የተቀየመኝ አንድ ሰው ነው፣ እሱም በኋላ ለምን እንደተቀየመ ታወቀ።

ጥሪን በድብቅ መቅዳት ስለሚባለው ነገር ብዙ ትጠይቁኛላችሁ። አልመክርም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 ላይ በስልክና በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የሚደረግ ግንኙነት እንዳይደፈር ይጠብቃል፣ በድብቅ የተቀዳ ድምፅ ይዛችሁ ብትሄዱ ክርክሩ ስለ ጤፉ መሆኑ ቀርቶ ስለ ቀረጻው ይሆናል። የማረጋገጫ መልእክት እያለ ምን አስጨነቃችሁ።

ገንዘብ ላይ ስትደርሱ "ምክንያት" የሚለውን ቦታ በቁም ነገር ሙሉት። የባንክ ደረሰኝ ብር ከእናንተ ወደ እሱ መሄዱን ይናገራል፣ ለምን እንደሄደ ግን የሚናገረው እናንተ የጻፋችሁት ነው። "ቀብድ 150 ኩ. ጤፍ" ብትሉ ያልቃል። "ቅድሚያ ክፍያ" እና "ቀብድ" አንድ እንዳልሆኑም ልብ በሉ። ቀብድ ከላይ ያልኩት እጥፍ የመመለስ ነገር አለበት፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሆነ ግን ገንዘባችሁንና የደረሰባችሁን ኪሳራ ነው የምትጠይቁት። በእኔ ደንበኛ ጉዳይ ኪሳራው በ900 ብር ጭማሪ 135,000 ብር ገደማ ነበር፣ ቀብድ ቢሆን 300,000። የትኛውን እንደፈለጋችሁ ስትከፍሉ ወስኑ፣ ስትካሰሱ አይደለም።

ቡና ላይ ያላችሁ ደግሞ ለአቅራቢና ለገበሬ በመኸር ጊዜ ብር ታበድራላችሁ፣ ጀንፈል ሲደርስ ይቀነሳል እያላችሁ። እዚህ ላይ ሕጉ ጠበቅ ይላል። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2472 ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ ወይም ፍርድ ቤት ውስጥ በሚደረግ እምነት ወይም መሐላ ነው ይላል። ሕጉ የ1952 ነው፣ 500 ብር ያኔ ገንዘብ ነበር፣ ዛሬ የምሳ ነው። ቁጥሩ ግን አልተቀየረም። "ስንሰጠው እነ እገሌ አይተዋል" ማለት አይሠራም ማለት ነው። ለብድር የተፈረመ ወረቀት ይኑር፣ ፎቶውን በቴሌግራም ላኩለትና "ደርሶኛል" ያስብሉት። የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010 እያለ የእኛ ሠፈር ገና ከአውራ ጣትና ከፊርማ አልወጣም፣ ስለዚህ ሁለቱንም ያዙ።

ሌላው የምንረሳው ማስጠንቀቂያ ነው። ሰውዬው ሳያስረክብ ሲቀር ደውለን እንሳደባለን እንጂ በጽሑፍ አንጠይቅም። በሕጉ ቁጥር 1772 መሠረት ውል አልተፈጸመም ብሎ ለመጠየቅ በአብዛኛው አስቀድሞ ማስጠንቀቂያ መስጠት ያስፈልጋል። 1773 ደግሞ ማስጠንቀቂያው በጽሑፍ ወይም ፍላጎትን በሚገልጽ በሌላ ድርጊት ሊሆን ይችላል ይላል። እንግዲህ "በጥር 22 ማስረከብ የነበረብህን 150 ኩንታል እስከ ጥር 27 ካላስረከብክ በሕግ እጠይቃለሁ" የሚል ጨዋ መልእክት ላኩ፣ መነበቡን የሚያሳየውን ምልክት ከነሰዓቱ አንሱ። ጉዳዩ ከበድ ካለ በጠበቃ በኩል በወረቀትም ይላክ። ስድብ ግን አትጻፉ። እሱም ማስረጃ ሆኖ ይቀርባል፣ ያውም በእናንተ ላይ።

ጥራት ላይም እንደዚያው። ዕቃው ሲደርስ ወዲያው አይታችሁ ጉድለቱን ሳትዘገዩ ማሳወቅ የገዢ ግዴታ ነው። መኪናው ቆሞ እያለ፣ ጆንያው ተከፍቶ፣ እርጥበት መለኪያው ቁጥሩን እያሳየ አንሱና ላኩ። ከሳምንት በኋላ "እርጥብ ነበር" ብትሉ ዝናቡ የእናንተ መጋዘን ላይ ነው የዘነበው ይሏችኋል።

በኢትዮጵያ ምርት ገበያ በኩል የሚሄደው ንግድ በዚህ ረገድ ዕረፍት አለው። የመጋዘን ደረሰኙም፣ ግብይቱም እዚያው ተመዝግቦ ይቀመጣል። ጣጣው ያለው ከዚያ ውጭ በቀጥታ ከአቅራቢ በምንገዛው ቡናና በእህሉ ላይ ነው፣ እዚያ መዝገቡ የእኛ ስልክ ነው። ታዲያ ስልኩ የማን ነው? ሁለት ሦስት ሠራተኛ ያላችሁ ይህን አስቡበት። ግዢ የሚሠራው ልጅ በራሱ ሲም፣ በራሱ አካውንት ሲነግድላችሁ ከርሞ ሥራ ሲለቅ የዓመቱ ውል ሁሉ አብሮት ይወጣል። ሲሙ በድርጅቱ ወይም በእናንተ ስም ይውጣ፣ የሥራ ቁጥር ከግል ቁጥር ይለይ። ከደንበኛም ጋር ስትጀምሩ ሙሉ ስሙን፣ የንግድ ፈቃዱን፣ የሚጠቀምበት ቁጥር በማን ስም እንደሆነ ጠይቁና በጽሑፍ ይመልስላችሁ። የምትቀበሉትን የመታወቂያ ኮፒ ደግሞ በየግሩፑ አትበትኑት፣ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ 1321/2016 መጥቷል።

ጠብ ሲሸት፣ ገና ክስ ሳይመሠረት፣ ሁሉም ነገር ባለበት ይቁም። ራሱን የሚያጠፋውን ዝጉ፣ ስልክ አትቀይሩ፣ አታጽዱ፣ ንግግሩን ያንኑ ዕለት አውጡ። እናንተን የሚጎዳ መልእክት ቢኖርበትም አታጥፉት፣ እሱ ጋ አለ። ቆርጦ መለጠፍ ደግሞ ጭራሽ አይታሰብም። በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ 958/2008 ወንጀል ነው፣ የጤፍ ክርክር ይዛችሁ ገብታችሁ በሌላ መዝገብ ትወጣላችሁ። አንድ የማይወደድ ነገርም ልበል። ሙሉውን ንግግር ስታቀርቡ ያለ ደረሰኝ የሸጣችሁትም አብሮ ይታያል። ብዙ ሰው እውነት ይዞ ክስ የሚተወው በዚህ ነው።

ክሱ ሲመሠረት የማስረጃ ዝርዝር አብሮ ይቀርባል (የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 223)። "በኋላ አመጣለሁ" ብሎ መተማመን አደጋ ነው፣ ያለ በቂ ምክንያት ዘግይቶ የመጣ ላይገባ ይችላል። ስለዚህ ጠበቃ ጋ የምትሄዱት በወሬ ሳይሆን በፎልደር ይሁን፦ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የታተመ ንግግር፣ ድምፁ በጽሑፍ ተገልብጦ፣ ዋናው ፋይል በፍላሽ፣ የባንክ ማስረጃ ማኅተም ተመቶበት። በኦሮምኛ ወይም በሌላ ቋንቋ የተጻፈ ካለ እንደ ፍርድ ቤቱ ቋንቋ ትርጉም ያስፈልገዋል። እጃችሁ ላይ የሌለውን፣ ለምሳሌ የእሱን የባንክ ሒሳብ እንቅስቃሴ ወይም ሲሙ በማን ስም እንደወጣ፣ በቁጥር 145 መሠረት ፍርድ ቤቱ ከባንኩ ወይም ከቴሌ እንዲያስቀርብ ጠበቃችሁ ይጠይቅ። ግን ቴሌ የቴሌግራም ጽሑፋችሁን አያመጣላችሁም፣ እሱ ቴሌ ጋ የለም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል።

ለጠየቅኸኝ ወንድሜ፦ ንግግሩ ገና ስልክህ ላይ ካለ ዛሬውኑ ወደ ፋይል አውጣው፣ ቁጥሩ የሚታይበትን ገጽ አንሳ፣ ከዚያ ማስጠንቀቂያውን ላክለት። ረቂቁን ልታሳየኝ ከፈለግክ በውስጥ መስመር አለሁ።

የእህል በረንዳ ዋጋ ማታ 1 ሰዓት ላይ ይለጠፋል።